ሚስማር የማይፈልገው የፍሬም ማጣበቂያ፦ ለደሴ ሳሎን ያዋጣል?

ዕቃው ሁለት ቁራጭ ነው። አንዱ በፍሬሙ ጀርባ፣ ሌላው በግድግዳው ላይ ይለጠፍና ሲገናኙ ቀጭ ብለው ይያያዛሉ። «ሚስማር እንዳይመታብኝ» የሚል አከራይ ላለው ሰው ጥሩ መላ ነው፤ ግድግዳው ከፈቀደ።

የፕላስቲክ ወይም የዘይት ቀለም የተቀባ ልሙጥ ብሎኬት ላይ ይይዛል። ኖራ በተቀባ ወይም ምርጉ በሚራገፍ የጭቃ ቤት ግን ገንዘብ ማባከን ነው፤ የሚጣበቀው ከዱቄቱ ጋር ስለሆነ ዱቄቱን ይዞ ይወርዳል። እዚያ ሚስማር ይሻላል፣ እሱም ምርጉ ላይ ሳይሆን ውስጡ ያለው እንጨት ላይ ሲመታ። ክረምት ዝናብ የሚመታው ግድግዳም ስለሚረጥብ አይታመንም።

ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ክብደቱ ነው። 2 ሚሊ ሜትር መስታወት በካሬ ሜትር 5 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ስለዚህ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ፍሬም መስታወቱ ብቻ 600 ግራም፣ 40 በ50 ደግሞ 1 ኪሎ ነው፤ እንጨቱና የጀርባው ጣውላ ገና አልተቆጠረም። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አቅም በግማሽ ቀንሶ ማሰብ አይጎዳም። ከ40 በ50 በላይ ለሆነው ግን ድሪል፣ ፊሸር (ቪሱን የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ) እና ቪስ ነው።

ቡና በየቀኑ በሚፈላበት ሳሎን የዕጣኑ ጭስ ግድግዳው ላይ ቅባት ይተዋል፤ ይህም ፍሬሙን ሊጥለው ይችላል። በአልኮል ጠርጎ ማድረቅ እንጂ በሳሙና ማጠብ አይበጅም፣ ሳሙናው ራሱ ቅሪት አለው። አዲስ ቀለም ከሆነ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይጠበቅ። ከዚያ ፍሬሙን ግድግዳው ላይ 30 ሰከንድ ተጭኖ፣ አላቆ፣ የግድግዳውን ቁራጭ እንደገና ተጭኖ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ መስቀል። ይህችን አንድ ሰዓት የሚታገሥ ግን ጥቂት ነው።

ብዙ ፍሬሞችን ደርድሮ ለመስቀል መጀመሪያ ጋዜጣ በፍሬሞቹ ልክ ቆርጦ በፕላስተር መለጠፍ፣ በመካከላቸው ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር መተው። የተደረደሩት ፍሬሞች መሃል ከወለል 150 ሴንቲ ሜትር ይሁን የሚባለው ለቆመ ተመልካች ነው፤ መጅሊስ ላይ ተቀምጦ ለሚታይ ሳሎን 120 አካባቢ ይበቃል። ሰፌድ ከፍሬሞቹ ጋር ሲደባለቅ ያምራል፣ ግን ስፌቱ ወጣ ገባ ስለሆነ ማጣበቂያ አይቀበልም፤ በክር ከሚስማር ይንጠልጠል።

ሲነቀል የማጣበቂያው ጆሮ (ለመሳቢያ ጫፉ ላይ የተተወው ቁራጭ) ወደ ታች፣ ከግድግዳው ጋር ትይዩ፣ ቀስ ተብሎ ይሳባል። ወደ ራስ ከተሳበ ቀለሙን ይዞ ይመጣል። ጆሮ የሌለው ስፖንጅ ማጣበቂያ በርካሽ ይገኛል፤ ለተከራይ አይሆንም።