ቅጽ 230-35፦ የሞንጎመሪ ካውንቲው የቡሊ (የተማሪ ማዋከብ) ማመልከቻ ምን ያህል ይረዳል?

ልጃቸው በክፍል ጓደኛዋ እየተዋከበች መሆኑን የሰሙ ወላጆች አብዛኞቹ መጀመሪያ አስተማሪዋን ያናግራሉ። ክፋት የለውም፤ ግን በቃል ብቻ የተነገረ አቤቱታ ሳምንት ቆይቶ «አልሰማሁም» ቢባል ማስረጃ የለውም። የሜሪላንዱ ሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች በአማርኛም ያዘጋጁት ቅጽ 230-35 ይህን ክፍተት ይደፍናል። በስቴቱ ሕግ ድርጊቱ ሪፖርት ከተደረገ በኋላ ለተበዳይ ወላጅ በ3፣ ለበዳይ ወላጅ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነው። «የልጄ ፋይል ይበላሻል» ብሎ የሚፈራ ካለ፣ ሪፖርቱ ከተማሪው ቋሚ መዝገብ ውስጥ አይገባም።

ዋናው ሥራ አሞላሉ ላይ ነው። «ሁሌ ይሰድባታል» ብሎ መጻፍ አያስኬድም። «ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት፣ ካፌቴሪያ ውስጥ እንዲህ አላት፤ ሁለት ልጆች ሰምተዋል» በሉ፤ ስድቡንም በተነገረበት ቋንቋ ቃል በቃል አስፍሩት። ምክንያቱን የሚጠይቀውን ቦታ ብዙ ሰው ባዶ ይተወዋል። ነገሩ ከቆዳ ቀለም፣ ከትውልድ አገር ወይም ከአካል ጉዳት ጋር ከተያያዘ ግን መጻፍ አለበት፤ ያኔ የልጆች ጠብ መሆኑ ቀርቶ የሲቪል መብት ጉዳይ ይሆናል። ከትምህርት የቀረችባቸው ቀናት ሲጠየቁ ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» ብላ በዚሁ ፍርሃት የቀረችባቸውንም ቁጠሩ።

ድክመቱ፣ ለአንድ ክስተት እንጂ ወራት ለቆየ ማዋከብ የተመቸ አለመሆኑ ነው፤ ቀኖቹን በተራ የያዘ ወረቀት አያይዙ። ቢሮ ሰጥቶ መሄድም በቂ አይደለም፤ ፎቶ አንስታችሁ በዚያው ቀን ለርዕሰ መምህሩ በኢሜይል ላኩት።

ስብሰባ ሲጠራ ልጅቷን አስተርጓሚ አታድርጓት፤ ትምህርት ቤቱ በነጻ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ጠይቁ። ሁለቱን ልጆች ፊት ለፊት አስቀምጦ «ተጨባበጡ» የሚለውን ዘዴ መቀበል አይገባም፤ አንዱ በሌላው ላይ ጉልበት ባለው ጊዜ ተበዳይዋን ደግሞ ማስፈራራት ነው። የሌላው ልጅ ቅጣት በፌዴራሉ የተማሪ ግላዊነት ሕግ ስለሚጠበቅ አይነገራችሁም፤ በዚያ ላይ መሟገት ጊዜ ማባከን ነው። ይልቅ የመቀመጫ ለውጥ፣ አውቶቡስ ውስጥ የፊት ወንበር፣ ስሙ ተለይቶ የሚታወቅ ኃላፊና ከሁለት ሳምንት በኋላ ክትትል እንዲደረግ ጠይቁ፤ ስምምነቱም በጽሑፍ ይሁን። የዚያኛው ልጅ ቤተሰብ የአገር ሰው ከሆነ ሽማግሌ መላክ ይቻላል፤ ቅጹ ግን ይቅደም።

ስማቸውን መግለጽ ለማይፈልጉ የስቴቱ የ24 ሰዓት መስመር 1-833-632-7233 አለ። ማዋከቡን ላየ ልጅ ይጠቅማል፤ ለወላጅ ግን ስም የሌለው ጥቆማ ክትትሉ ደካማ ነው። ትምህርት ቤቱ ዝም ካለና ጉዳዩ የዘር፣ የጾታ ወይም የአካል ጉዳት አድልዎ ከሆነ፣ ለፌዴራሉ የትምህርት ሚኒስቴር የሲቪል መብቶች ቢሮ በ180 ቀን ውስጥ ማመልከት ይቻላል። ሜሪላንድን ይይዝ የነበረው የፊላደልፊያ ቅርንጫፍ በ2025 እንዲዘጋ ከተወሰነባቸው አንዱ ስለሆነ ግን ፈጣን መልስ አትጠብቁ።