ሳያና ፕሬስ፦ ሴቷ ራሷ ልትወጋው የምትችለው የሦስት ወር የእርግዝና መከላከያ መርፌ

ከተለመደው የእርግዝና መከላከያ መርፌ ከዲፖ ፕሮቬራ የሚለየው በመጠኑና በአወጋጉ ነው። ጡንቻ ላይ በሚሰጠው 150 ሚሊግራም ፋንታ 104 ሚሊግራም ከቆዳ ሥር ይወጋል። መድኃኒቱን የያዘው ትንሽ ከረጢትና መርፌው አንድ ላይ ተገጥመው ስለሚመጡ በሲሪንጅ መቅዳት የለም፤ ለማኅበረሰብ ጤና አገልግሎት እጅግ የሚመቸውም ለዚህ ነው።

ስህተት የሚበዛው ከመውጋቱ በፊት ነው። መድኃኒቱ ስለሚዘቅጥ 30 ሰከንድ ያህል በኃይል ይናጣል። ከዚያ የመርፌው ክዳን ሳይነቀል፣ ከከረጢቱ አንገት ጋር ያለው ክፍተት እስኪዘጋ ድረስ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ይህ ከተዘለለ ፈሳሹ አይወጣም። ቀጥሎ ክዳኑ ተነቅሎ የሆድ ወይም የጭን ፊት ቆዳ ተቆንጥጦ መርፌው ሙሉ በሙሉ ይገባል፣ ከረጢቱም ከ5 እስከ 7 ሰከንድ ቀስ ተብሎ ይጨመቃል። ቦታውን ማሸት አይገባም።

በየ3 ወሩ ይደገማል። የወር አበባ ከጀመረ ከ7 ቀን በኋላ መርፌውን የጀመረች ሴት ለቀጣዮቹ 7 ቀናት ኮንዶም ትጨምር።

ትልቁ ድክመት ያለው ለሴቷ በሚሰጠው ምክር ላይ ነው። የወር አበባ መዛባት፣ አልፎም መቅረት የሚጠበቅ ነው፤ አስቀድሞ ያልተነገራት ሴት ደንግጣ ታቋርጣለች። ካቆሙ በኋላ እርግዝና ወራት ሊዘገይ እንደሚችልም በግልጽ መነገር አለበት፤ በቅርቡ መውለድ ለምትፈልግ ሌላ ዘዴ ይሻላል። የጡት ካንሰር ላለባት አይሰጥም። ከኤችአይቪና ከሌሎች የአባላዘር በሽታዎችም አይከላከልም።

ያገለገለው መርፌ በማይበሳ ዕቃ ተከድኖ ወደ ጤና ተቋም ይመለስ። ዕቃውን ከመርፌው ጋር የማይሰጥ አገልግሎት ሥራውን ጨረሰ አይባልም።