ከዮርክታውን እስከ አስቶሪያ በአንድ የቆዳ ኮርቻ፦ የዘጠኝ ወር ልምዴ

ኮርቻውን፣ ማለትም የብስክሌቴን መቀመጫ፣ የገዛሁት ታኅሣሥ ላይ ነው። ግንቦት ላይ ዕቃዬን ብስክሌቴ ላይ ጭኜ ከቨርጂኒያዋ ዮርክታውን ተነሳሁ፤ በ84ኛው ቀን ኦሪገን፣ አስቶሪያ ገባሁ። መንገዱ ትራንስአሜሪካ ይባላል። አሜሪካ በ1976 200ኛ ዓመቷን ስታከብር ለብስክሌተኞች የተከፈተ መንገድ ነው፤ 10 ግዛቶችን አቋርጦ 6,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከተመለስኩ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ጎማና ስለ ማርሽ ነው። እኔን ግን በቀን ስድስት ሰባት ሰዓት የተሸከመኝ ኮርቻው ነው፤ ስለ እሱ ልንገራችሁ።

ስፖንጅም ጄልም የለውም። ወፍራም ቆዳ ከፊትና ከኋላ ብረት ላይ ተወጥሯል፤ አሠራሩ ጠፍር አልጋን ይመስላል። ከአፍንጫው፣ ከፊተኛው ሹል ጫፉ፣ ስር ቆዳውን የምትወጥር አንዲት ቡሎን አለች። ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። ድንኳንና ምግብ ለተጫነ ብስክሌት ይህ ምንም አይደለም።

አዲስ ሲሆን ጣውላ ነው። እውነቱን ልናገር፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ልመልሰው እያሰብኩ ነው የነዳሁት። 700 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ አንድ ጠዋት በጎን ብርሃን ሳየው፣ ቆዳው ላይ ሁለት ትንንሽ ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች ታዩኝ። በጣቴ ዳበስኳቸው። ልክ የመቀመጫ አጥንቶቼ የሚያርፉበት ቦታ ነው። ከዚያ በኋላ ሕመሙ እየቀነሰ ሄደ። መንገድ ላይ ያገኘሁት አንድ ተጓዥ ግን ተመሳሳይ ኮርቻ ከካርቶን አውጥቶ በቀጥታ ጉዞ ጀምሮበት ነበር። ኬንታኪ ላይ የገላው ቆዳ ተልጦ፣ ኮርቻውን በፖስታ ወደ ቤቱ ላከው።

በምሥራቅ ያሉት የአፓላቺያን ተራሮች ዳገቶች ይፈትኑኛል ብዬ ነበር የፈራሁት። ጉልበቴን በሉት፤ መቀመጫዬን ግን አልነኩትም። ዳገት ላይ ተነስታችሁ ትረግጣላችሁ፣ ቁልቁለት ላይ ከፍ ትላላችሁ፣ ኬንታኪ ውስጥ ውሻ ሲያባርራችሁም ቁጭ ብላችሁ አትነዱም። በየመሃሉ ደም ይዘዋወራል። የከፋው ካንሳስ ነው። ሜዳው አያልቅም፣ ነፋሱ ከደቡብ ከግራ ጎኔ ቀኑን ሙሉ ይገፋል፣ መሪውን ጨብጦ በአንድ አቀማመጥ መቆየት ነው። በሁለተኛው ቀን መደንዘዝ ጀመረኝ። በየ15 ደቂቃው ተነስቼ ሃያ ጊዜ መርገጥን ልማድ ሳደርገው ነው የተሻለኝ። ሜዳ ላይ ለምትነዱ ሁሉ ይህን አደራ እላለሁ።

ካንሳስ ውስጥ ብዙ ትንንሽ ከተሞች ብስክሌተኛ መናፈሻቸው ውስጥ እንዲያድር ይፈቅዳሉ። በአንዱ ድንኳኔን ተክዬ ተኛሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሣር ማጠጫው በራሱ ተከፈተ። ብስክሌቱን የውሃው አፍ አጠገብ ነበር ያቆምኩት። ጠዋት ስነካው ኮርቻው እንደ እርጥብ ካርቶን ልል ብሏል። ቀኑን መጠበቅ ነበረብኝ፤ አልጠበቅኩም፣ ተቀመጥኩበት። ማታ መሃሉ ረግቦ ጎኖቹ ወደ ውጭ ተከፍተው ጭኔን ይፈትጉኝ ጀመር። ጥላ ውስጥ አደረቅኩት፣ ቡሎኗን ሩብ ዙር አጠበቅኩ። ዳነ፤ ግን የድሮ ቅርጹ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም።

ከዚያ ቀን በኋላ ፀሐይም ቢሆን ማታ ማታ ላስቲክ አለብሰዋለሁ። ኮሎራዶ ውስጥ የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ የሆነውን ሁዚየር ፓስን፣ 3,517 ሜትር፣ በበረዶ ዝናብ ስወጣ አንድ ጠብታ አልገባበትም። ዝናብ መከላከያ ልባስ ከኮርቻው ጋር አብሮ ያለመሸጡ ያናድደኛል። ለብቻው መግዛት አለባችሁ።

ዋዮሚንግ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከሮሊንስ እስከ ጄፍሪ ሲቲ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ደረቅ ምድር ነው፤ ውሃ የሚገኝበት ቦታ በጣም ጥቂት ስለሆነ ስድስት ሊትር ተሸክሜ ነው ያለፍኩት። ፀሐዩና የላቡ ጨው ቆዳውን አድርቀው ነጫጭ መስመር አወጡበት። ሰም ያለበት የቆዳ ቅባት በስሱ ቀብቼ አሳደርኩት፣ ለቀቀ። ሞንታናና አይዳሆ ላይ ስለ ኮርቻው የምነግራችሁ የለኝም፤ ሳላስበው ነው ያለፍኳቸው።

አሁን ቀለሙ ከማር ወደ ቡና ተቀይሯል። ቡሎኗን በጠቅላላው ሦስት ጊዜ ሩብ ሩብ ዙር ነው ያጠበቅኳት። ስረግጥ ሲጥ ሲጥ ይል ነበር፤ ከስር ብረቱና ቆዳው በሚገናኙበት ቦታ ትንሽ ዘይት ሳደርግለት ተወ።

ለጉዞ ሁለት ወር የቀራችሁ ግዙት፣ ዛሬውኑ መንዳት ጀምሩበት። ሁለት ሳምንት ብቻ ከቀራችሁ የለመዳችሁትን ይዛችሁ ውጡ። ብስክሌታችሁ ደጅ የሚያድር ከሆነም አልመክራችሁም።

እኔ በሚቀጥለው ወር ብስክሌት ልቀይር ነው። ኮርቻውን ነቅዬ አዲሱ ላይ እገጥመዋለሁ።