ለአባታችን የኩላሊት ሐኪም ምስጋና፣ ለስኳር ሕሙማን ቤተሰቦችም ጥቆማ

የአባታችንን ኩላሊት የሚከታተሉትን ሐኪም በአደባባይ ማመስገን እወዳለሁ። ስማቸው በማኅበራዊ ገጽ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ አልጠቅሰውም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ግን የሚሠሩበትን ክሊኒክ በደስታ እጠቁማለሁ።

አባታችን ስኳርና ደም ግፊት ካደረባቸው ቆይቷል። ክሬቲኒናቸው (ኩላሊት ከደም የሚያስወግደው ቆሻሻ) ከፍ ሲል ሌላ ቦታ የተነገረን «ኩላሊታቸው ደክሟል» የሚል ብቻ ነበር። እኚህ ሐኪም ግን የላቦራቶሪውን ወረቀት ገልብጠው በጀርባው እየሣሉ፣ በደም ውስጥ የበዛ ስኳር በሴሎቻችን ውስጥ ኃይል የሚያመነጩትን ሚቶኮንድሪያዎች እንደሚያውክ፣ በዚህም ሰውነት ሊያመክናቸው ከሚችለው በላይ ጎጂ የኦክስጅን ቅንጣቶች እንደሚፈጠሩ፣ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚባለውም ይኸው እንደሆነ፣ ጉዳቱ ሲደጋገም በእያንዳንዱ ኩላሊት ያሉት አንድ ሚሊዮን ገደማ ማጣሪያዎች እየቆሰሉ በጠባሳ እንደሚተኩ አስረዱን። የጸና ጠባሳ ደም ወደሚያጣራ አካል አይመለስም፤ የተረፉት ማጣሪያዎችም የጎደሉትን ሥራ ደርበው ስለሚሸከሙ በተራቸው ይጎዳሉ። ኩላሊት ደም የማጣራቱ መጠን በደቂቃ ከ15 ሚሊ ሊትር በታች ሲወርድ እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ወደሚያስፈልግበት ደረጃ ይደረሳል። የአባታችን 41 ስለሆነ የምንታገለው ለቀረው ነው አሉን።

ቀጥለው ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል አስመጡን። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አንድ በአንድ ሲያነሱ፣ አባታችን ለጉልበታቸው ያለ ማዘዣ የሚገዙትን ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ለይተው አስቆሙ፤ ከውጭ ዘመድ የላከውን ውድ የአንቲኦክሲዳንት (እነዚያን ጎጂ የኦክስጅን ቅንጣቶች ያመክናል የሚባል) እንክብልም እንዲሁ። ጉዳቱ ከኦክሲዴሽን ከሆነ ይህ እንዴት አይጠቅምም ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳይሰለቹ፣ በቤተ ሙከራ ያማረ ሐሳብ በሰው ላይ ሁልጊዜ እንደማይሠራ፣ የሰውነትን ፀረ ኦክሲዴሽን መከላከያ የሚያነቃቃው ባርዶክሶሎን የተባለ መድኃኒት እንኳ በስኳር ሕሙማን ኩላሊት ላይ በስፋት ሲሞከር የልብ ድካም ስላበዛ ሙከራው በ2012 እ.ኤ.አ. መቋረጡን ነገሩኝ። ይልቅስ ስኳሩን መቆጣጠር፣ ግፊቱን ከ130/80 በታች ማውረድ፣ ጨው መቀነስ፣ በማጣሪያዎቹ ውስጥ ያለውን ጫና የሚቀንሰውን ኢናላፕሪል የተባለ የግፊት መድኃኒት አለማቋረጥ ነው የሚያዋጣው አሉኝ። እኔን ያስደነቀኝ እንክብል ሸጠው ማትረፍ ሲችሉ ገንዘባችንን ማዳናቸው ነው።

ወረፋቸው ረጅም ነው፤ ማንንም አያጣድፉምና። ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ወላጅ ያላችሁ፣ እግር እስኪያብጥ ሳትጠብቁ የሽንት አልቡሚን (በሽንት የሚወጣ ፕሮቲን) ምርመራ አሠርታችሁ፣ የቀድሞ ውጤቶችንም ይዛችሁ ሂዱ።