ስምንት ወር ከ60 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ ጋር፦ እውነት ጃሚንግ አይበግረውም?

ሁለት ሕንፃዎችን ያለ ገመድ ለማገናኘት ይህን ሬዲዮ ከሰቀልኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ርቀቱ 400 ሜትር ያህል ነው። የድሮው በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ነበር። ቀን ከጎረቤት ዋይፋይ ጋር ሲጋፋ ይውልና ማታ ጭራሽ ቀጥ ይላል።

የአዲሱ ካርቶን «ጃሚንግ አይበግረውም» ይላል፤ ጃሚንግ ማለት ሆን ብሎ በሌላ ሞገድ ሲግናልን ማፈን ነው። ግማሹ እውነት ነው።

በ60 ጊጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ 64 አንቴናዎች ከክብሪት ቀፎ ባነሰች ሰሌዳ ላይ ተደርድረዋል። ተባብረው ሲሠሩ ሲግናሉን እንደ ባትሪ መብራት ወደ አንድ አቅጣጫ ያጠቡታል፤ ከጎን የሚመጣውን ብዙም አይሰሙም። የአየሩ ኦክስጅንም በኪሎ ሜትር 15 ዴሲቤል (የሲግናል መድከም መለኪያ) ገደማ ይውጣል፤ ሩቅ ያለ ረባሽ መንገድ ላይ ይደክማል። የኔም ሲግናል ግን ያንኑ ግብር ይከፍላል።

እውነተኛ ጃመር በብዙ አገር በሕግ የተከለከለ ነው። እኔም ከጓደኛዬ ተመሳሳይ ሬዲዮ ተዋስኩና በዚያው ቻናል ለቀቅኩት። ከጎን ሳስቀምጠው ፍጥነቱ ንቅንቅ አላለም። በጣም ሳስጠጋው ግን ከጎንም ሆኖ መንገዳገድ ጀመረ። የአንቴናዎቹ ማጉያ ከአቅሙ በላይ ሲጎርፍበት ይታፈናል፤ አቅጣጫ የመለየቱ ሥራ ደግሞ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በሦስተኛው ወር የወጣው ፈርምዌር (የሬዲዮው የውስጥ ሶፍትዌር) ረባሹ ወዳለበት አቅጣጫ ጆሮ መድፈን ጨመረለት። ከዚያ አቅጣጫ የመጡት ሞገዶች እርስ በርስ እንዲጠፋፉ የየአንቴናው ፌዝ (ሞገዱ ከፍ ዝቅ የሚልበት ጊዜ) ይስተካከላል። ጥሩ ይሠራል። የተውሶውን በማዶው ሕንፃ ካለው ሬዲዮ ጀርባ፣ በዚያው መስመር ላይ ስተክለው ግን ግንኙነቱ ሞተ። ረባሹን ልድፈን ካለ የራሱንም ሰው መድፈኑ ነው፤ ምን ያድርግ?

ያናደደኝ ሌላ ነው። ሬዲዮው ተነሥቶ አጋሩን ሲፈልግ ጨረሩ ገና አልጠበበም። በዚያች ቅጽበት ሁሉንም አቅጣጫ ይሰማል፤ የሚልከው የመፈለጊያ ምልክትም አስቀድሞ የታወቀ ነው። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የተውሶው ሬዲዮ ሳላስበው በርቶ ኖሯል። የኔው ልኬቱ ተዛብቶበት ጨረሩን ፊት ለፊት ወዳለ የመስኮት መስታወት አዞረ። ከመስታወቱ በሚነጥረው ሲግናል ቀኑን ሙሉ ሲንፏቀቅ ዋለ። የዚህን ዓይነት ረብሻ ለመከላከል ምልክቱን እንዳይገመት አድርጎ መቀያየር ይቻላል፤ እዚህ ዕቃ ላይ ግን የለም። ለደንበኞች አገልግሎት ጻፍኩላቸው። መልሳቸው «አጥፍተው ያብሩት» ነበር። ችግሩ የሚነሣው እኮ ሲበራ ነው!

አሁን መብራት ሲጠፋ እንዳይነካው ባትሪ አስገባሁለት። ፈልጎ ያገኘውንም አቅጣጫ ቅንብሩ ውስጥ ቆልፌዋለሁ። ከዚያ ወዲህ መስታወቱን አላየውም።