ኪክስታርተር ቤት ለሚመታ የሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ

ኪክስታርተር እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የፈጠራ ሥራዎች ገና ሳይመረቱ ከሕዝብ መዋጮ የሚያሰባስቡበት መድረክ ነው። እዚህ የምገመግመው በግጥም የተጻፈ የሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ ለማሳተም ለሚያስብ ሰው ካለው ጠቀሜታ አንጻር ብቻ ነው። በእኔ አመለካከት መድረኩ የኅትመት ወጪን ለመሸፈን እጅግ ተስማሚ ሲሆን፣ ግጥሙ ሳያልቅለት ለሚገባበት ሰው ግን አደገኛ ነው።

ዋና መለያው የገንዘብ ግቡ በተወሰነለት ቀን ካልተሞላ ከደጋፊዎች ሒሳብ ምንም አለመቆረጡ ነው። ደንቡ ጨካኝ ቢመስልም ለሥዕል መጽሐፍ ትክክለኛው ደንብ ይኸው ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም የሠዓሊው ክፍያ፣ የገጽ ቅንብሩና የማተሚያ መሣሪያው ዝግጅት የመጀመሪያው ቅጂ ከመውጣቱ በፊት የሚወጡ ወጪዎች ስለሆኑ የገንዘቡ እኩሌታ የመጽሐፉን እኩሌታ አያስገኝም። የተገኘውን ያህል ይዞ መሄድን በሚፈቅዱ መድረኮች ግን ደራሲው ማሳተሚያ ሳይሞላለት የመጽሐፍ ባለዕዳ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ስለ ክፍያው ግልጽ መሆን ያስፈልጋል። መድረኩ ግቡን ከሞላ የመዋጮ ዘመቻ 5 በመቶ ይወስዳል፤ በአሜሪካ ለተመዘገቡ ፕሮጀክቶች ደግሞ ለክፍያ ማስተላለፊያ በአብዛኛው 3 በመቶና በእያንዳንዱ መዋጮ ላይ 20 ሳንቲም ይታከልበታል። ስለዚህ የገንዘብ ግቡን ከማተሚያ ቤቱ ሒሳብ ጋር እኩል የሚያደርግ ሰው ዘመቻው ተሳክቶለትም ይጎድልበታል። ከዚህ የከፋው የመላኪያ ወጪ ነው፤ ጠንካራ ሽፋን ያለው የሥዕል መጽሐፍ ከባድ በመሆኑና መድረኩም ራሱ ዕቃ ስለማያደርስ፣ ወጪው በየአገሩ ተሰልቶ አስቀድሞ መቀመጥ አለበት።

መድረኩ ከሁሉ የሚበልጥበት ቦታ ደራሲው ሥራውን ለደጋፊዎች የሚያስተዋውቅበት ቪዲዮ ነው። ቤት የሚመታ ጽሑፍ በዓይን ሲታይና በጆሮ ሲሰማ አንድ አይደለም፤ ወላጅ ደራሲው ሦስትና አራት አንጓ ሲያነብ ከሰማና የተጠናቀቁ ጥቂት ገጾችን ካየ፣ መጽሐፉ ልጁን ይይዘው እንደሆነ ወዲያው ይፈርዳል። ነገር ግን ይህ ጥንካሬ ድክመትንም ያጋልጣል። ቀለሙ (የድምፅ ምቱ ቁጥር) የጎደለ ስንኝ ወይም ቤት ለመምታት ብቻ የገባ ቃል ድምፅ ሲወጣበት ወዲያው ይሰማል። የሥዕል መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ የሚሆነው ወረቀቱ በስምንትና በዐሥራ ስድስት ገጽ ብዜት ስለሚታጠፍ ነው፤ እናም እያንዳንዱ አንጓ ገጹ ከሚገለጥበት ቅጽበት ጋር መግጠም ይኖርበታል። ስንኙ ላይ ለቤት መድፊያ ሲባል ቀበሮ ገብታ ከነበረች ሠዓሊው ቀበሮ ይሥላል፤ አርታኢው በኋላ ስንኙን ሲያቃና ቀበሮዋ ከወጣች ሥዕሉም አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ ግጥሙ ደራሲው ባልሆነ ሰው አፍ፣ ያለ ልምምድ ተነቦ ሳይሰናከል ካላለፈ ዘመቻው መከፈት የለበትም።

በዚሁ ምክንያት፣ መዋጮው ከግቡ ሲያልፍ ተጨማሪ ገጾችን ቃል መግባትን አጥብቄ እቃወማለሁ። ያለቀ ግጥም ላይ ስምንት ገጽ መጨመር ማለት ትርፍ ስንኝ መለጠፍ ማለት ነው፤ የተሻለ ወረቀት ወይም የጠነከረ ስፌት ግን ልጁንም መጽሐፉንም ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ መድረኩ ደራሲዎች ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተጠቅመው እንደሆነ እንዲገልጹ መጠየቁን እደግፋለሁ፤ ለሥዕል መጽሐፍ የሚያዋጣ ሰው ሥዕሉን ማን እንደሠራው ማወቅ ይገባዋል። ቅር የሚያሰኘኝ ፕሮጀክት መክፈት የሚፈቀደው መድረኩ በዘረዘራቸው ጥቂት አገሮች ለሚኖሩ ብቻ መሆኑ ነው፤ በዚህም የተነሳ ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ጎበዝ ገጣሚ ለሌሎች ከማዋጣት በቀር በሩ ዝግ ነው።

ዘመቻው እስከ 60 ቀን ሊቆይ ቢችልም መድረኩ ራሱ 30 ቀን ወይም ከዚያ ያነሰ ይመክራል፤ እኔም እስማማለሁ። ግቡ ያልተሞላለት ሰው ፕሮጀክቱን አሻሽሎ እንደገና መክፈትና ለቀድሞ ደጋፊዎቹ በዚያው ገጽ ማሳወቅ ይችላል፤ በመካከል ያለውን ጊዜ ማስታወቂያ ከማብዛት ይልቅ ያነከሱትን ስንኞች ለማቃናት ቢያውለው ይሻላል።