በኢነርጂ የበረታ፣ በሰበቃ የተቻኮለ የመካኒክስ መልመጃ

ለጀማሪ ተማሪዎች በጥያቄና መልስ መልክ የተዘጋጀው ይህ የመካኒክስ መልመጃ መጽሐፍ ከተመጣጠኑ ኃይሎች ተነሥቶ፣ በሰበቃ (ሁለት ገጾች ሲነካኩ መንሸራተትን በሚቃወመው ኃይል) በኩል አልፎ ኢነርጂ ላይ ይደርሳል። ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው፤ ምዕራፎቹ ግን በጥራት እጅግ ይለያያሉ።

የመጀመሪያው ምዕራፍ አጭርና ጥንቁቅ ነው። ወደ ቀመር ከመግባቱ በፊት በዕቃው ላይ የሚያርፉት ኃይሎች ሁሉ በቀስት እንዲሣሉ ያስገድዳል። ለምሳሌ 10 ኪሎግራም የሚመዝን ሣጥን ከአግድም 30 ዲግሪ ወደ ላይ ባዘነበለ ገመድ በ40 ኒውተን ቢሳብ፣ የስበት ሽምጠጣ (በስበት የሚመጣ የፍጥነት ለውጥ በየሰከንዱ) 10 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ተብሎ ሲወሰድ፣ ገመዱ ከክብደቱ 20 ኒውተኑን ስለሚሸከም የወለሉ ኖርማል ኃይል (ገጹ ዕቃውን በቀጤ ነክ የሚገፋበት ኃይል) 80 ኒውተን እንጂ 100 አይሆንም። ቀስቶቹን ያልሣለ ተማሪ ይህን ልዩነት የሚያይበት መንገድ የለውም።

ቅር የሚያሰኘው የሰበቃው ምዕራፍ ነው። አዘጋጁ የሰበቃውን ኮፊሸንት (ሰበቃው በሁለቱ ገጾች መካከል ምን ያህል እንደሚበረታ የሚገልጽ ቁጥር) በኖርማል ኃይል የማባዛቱን ቀመር፣ ዕቃው ይንቀሳቀስ አይንቀሳቀስ ሳይለይ፣ ለሁሉም ጥያቄ ይጠቀምበታል። ለሚንሸራተት ዕቃ ቀመሩ ይሠራል፤ ለቆመ ዕቃ ግን ብዜቱ የሚሰጠው ሰበቃው ሊደርስበት የሚችለውን ጣሪያ ብቻ ነው። 2 ኪሎግራም የሚመዝን እንጨት 30 ዲግሪ ባዘነበለ ተዳፋት ላይ ተቀምጧል፣ የስታቲክ ሰበቃው (የቆመ ዕቃ ሰበቃ) ኮፊሸንትም 0.8 ነው እንበል። ወደ ታች የሚጎትተው የክብደቱ ክፍል 10 ኒውተን ሲሆን ብዜቱ ግን ወደ 13.9 ኒውተን ይመጣል። ቀመሩን በጭፍን የተከተለ ተማሪ 3.9 ኒውተን ወደ ላይ ይተርፈዋል፤ ማንም ሳይነካው ተዳፋቱን የሚወጣ እንጨት አገኘ ማለት ነው! ትክክለኛው ሰበቃ 10 ኒውተን ነው፣ እንጨቱም አይንቀሳቀስም። መጽሐፉ ጥያቄዎቹን ሁሉ ዕቃው ሊንሸራተት ጫፍ ላይ በደረሰበት ሁኔታ ላይ ስለሚያቆም ጉድለቱ በራሱ ገጾች ላይ አይጋለጥም፤ የሚጋለጠው ተማሪው ፈተና ላይ ሲቀመጥ ነው።

የኢነርጂው ምዕራፍ ግን ለብቻው መጽሐፉን ያስገዛል። በሰከንድ 6 ሜትር እየተጓዘ፣ የካይኔቲክ ሰበቃ (የሚንሸራተት ዕቃ ሰበቃ) ኮፊሸንቱ 0.3 በሆነ አግድም ወለል ላይ የሚንሸራተት ዕቃ የት እንደሚቆም በመጀመሪያ በኒውተን ሁለተኛ ሕግ፣ ቀጥሎም ሰበቃው የሠራውን ሥራ ከካይኔቲክ ኢነርጂው (ዕቃው በመንቀሳቀሱ ካለው ኢነርጂ) ጋር በማስተካከል ያሰላል። በሁለቱም መንገድ መልሱ 6 ሜትር ነው። በሁለተኛው መንገድ ግን ሽምጠጣውንም ሆነ ጊዜውን ማስላት ሳያስፈልግ፣ መጠነ ቁሱ ከሁለቱም ወገን ተጣፍቶ ይወጣል። የትኛው መንገድ መቼ እንደሚያዋጣም በግልጽ ይነግራል፦ ጥያቄው ርቀትንና ፍጥነትን ካያያዘ ኢነርጂ ያሳጥራል፤ ጊዜ ከተጠየቀ ወደ ኃይሎቹ መመለስ ይቀላል።

በመጨረሻ የተያያዙት መልሶች ያለ መለኪያ አሃድ የተጻፉ ባዶ ቁጥሮች ናቸው፤ በሚቀጥለው እትም ይህና የሰበቃው ምዕራፍ ቢታረሙ መጽሐፉን ያለ አስተማሪ ለሚያጠና ሰው እንኳ ያለ ሥጋት እመክረዋለሁ።